ተንቀሳቃሹ የጣውላ መሰንጠቂያና የጂንካ ባለ እጆች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ማንኛውም መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ያለቀለት መስሎ ይታያል። ቀለሙ ያበራል፤ ቡሎኑ ሁሉ ጠብቋል፤ የአጠቃቀም መመሪያውም በልዩ ልዩ ቋንቋ ታትሞ ከሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ነገር ግን መመሪያውን ያዘጋጀው ሰው በዐይነ ኅሊናው ያየው ግንዱን በማንሻ መኪና የሚያነሣ፣ የደነዘዘውን ስለት ልኮ በጥቂት ቀን ውስጥ ተስሎ የሚመለስለት፣ የተሰበረውንም ዕቃ በስልክ የሚያዝዝ ባለ ሙያ ነው። መሣሪያው ጂንካ ሲደርስ ከእነዚህ ነገሮች ብዙዎቹ አይከተሉትም። ስለዚህ በፋብሪካ ያለቀው ሥራ በጂንካ እንደገና ይጀመራል ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው፤ ይኸውም ተንቀሳቃሽ የጣውላ መሰንጠቂያ በደቡብ ኦሞ ምድር በአግባቡ እንዲያገለግል በአካባቢው እጅና በአካባቢው ብረት የሚደረግለት ማሻሻያና ጭማሪ ነው። ጉዳዩ ለአንዳንዱ የጋራዥ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ከአንድ ግንድ ስንት ጣውላ እንደሚወጣ፣ ስንት ዛፍ ሳይቆረጥ ቆሞ እንደሚቀር፣ የስንት ሠራተኛ ጣት በእጁ ላይ እንደሚኖር የሚወሰነው በእነዚህ ትንንሽ ነገሮች ነው። በመሆኑም ለእያንዳንዱ ጭማሪ ሦስት ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል። እንጨት ያድናል ወይ? ጉልበት ያድናል ወይ? አካል ያድናል ወይ? ከሦስቱ አንዱንም የማያድን ጭማሪ ጌጥ ነው፤ አንዱን አድኖ ሌላውን የሚያጠፋ ደግሞ ከጌጥ ይከፋል።

ግንዱ ወዳለበት መሄድ

ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,490 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ለብዙ ዘመን የደቡብ ኦሞ አስተዳደር መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ከበስተ ሰሜኗ የአሪ ደጋ ይነሣል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲወረድ ደግሞ የማጎ ሸለቆና የታችኛው ኦሞ ቆላ ይዘረጋል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ቢሆንም፣ የደጋውም የቆላውም ሰው በጂንካ ገበያ መገናኘቱን አልተወም።

በዚህ ምድር እንጨት የማይገባበት ኑሮ የለም። የሐመርና የበና ሰው ለመቀመጫም ለትራስም የሚያገለግለውን በርኮቶ ከአንድ ቁራጭ እንጨት ጠርቦ ይይዛል፤ ግንድ ቦርቡሮም ቀፎ አድርጎ በዛፍ ላይ ይሰቅላል። በአሪ ደጋ ደግሞ ገበሬው ቡናውንና ኮረሪማውን በጥላ ዛፍ ሥር ያለማል፤ እንሰቱን በቤቱ ዙሪያ ይተክላል፤ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያም በየድንበሩ ያሳድጋል። ከእነዚህ ዛፎች አንዱ ለጣውላ ሲቆረጥ ታዲያ የሚወድቀው በመኪና መንገድ ዳር ሳይሆን በጓሮው መካከል ወይም በገደል አፋፍ ነው። ግንዱን ጎትቶ ለማውጣት ቢሞከር ቡናው ይሰበራል፤ መንገዱም ሰውና በቅሎ እንጂ መኪና የማያሳልፍ ነው። ጣውላ ግን በትከሻ ይወጣል። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ የሚፈለግበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ግንዱ ወደ መጋዙ መሄድ ሲያቅተው መጋዙ ወደ ግንዱ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የዚህ ችግር የቆየ መፍትሔ የሁለት ሰው መጋዝ ነበር። ግንዱ በረጃጅም ቋሚዎች ላይ ይሰቀላል፤ በከሰል በተነከረ ክር ይሰመርበታል፤ አንዱ ሰንጣቂ ከላይ፣ ሌላው ከታች ቆሞ ቀኑን ሙሉ ይስባሉ። ከታች የሚቆመው ሰው ሰጋቱራውን በዐይኑና በአፍንጫው እየተቀበለ ይውላል። ከዚህ በኋላ የሰንሰለት መጋዝ መጣ። ፍጥነቱ እጅግ በለጠ፤ የሚያባክነው እንጨት ግን በዚያው ልክ ጨመረ። ሦስተኛው ደረጃ በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን መጋዝ ያለው፣ በወርክሾፕ ስሙ ባንድሶ የሚባለው ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ ነው።

ይህ መሣሪያ ራሱ የጓሮ ብልሃት ልጅ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 በኢንዲያናፖሊስ የተቋቋመው ዉድ ማይዘር፣ ቀጥሎም በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ በክብ መጋዝ የሚሠሩትን ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያዎች ለገበያ ያቀረቡት ድርጅቶች፣ ሐሳቡን ያገኙት ግንዱ ከወደቀበት ሳይነሣ ጣውላ የሚሆንበትን መንገድ ሲፈልጉ ነው። እንግዲህ የጂንካ ባለ እጅ በመሣሪያው ላይ አንድ ነገር ቢጨምር ሕግ እንደ ጣሰ ሊቆጠር አይገባም፤ መሣሪያው የተወለደበትን ልማድ ቀጠለ እንጂ።

መጋዙ የሚበላው

የዛፉ ባለቤት በግንዱ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ሲመለከት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ይወጣዋል?» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሒሳብ ሊታይ ይችላል።

ግንዱ ተጠርቦ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ሆነ እንበል። ከዚህም 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ይፈለጋል። የሰንሰለት መጋዝ አንድ ጊዜ ሲያልፍ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል። ስለዚህ 9 ጣውላ ይወጣል፤ 72 ሚሊ ሜትሩ ሰጋቱራ ይሆናል። ቀጭኑ ባንድሶ ግን አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚበላው 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያው እንጨት 11 ጣውላ ይወጣል፤ ሰጋቱራ የሚሆነውም 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር አንዱ ከ9 ግንድ የሚያወጣውን 99 ጣውላ ሌላው የሚያወጣው ከ11 ግንድ ነው። ሁለቱ ግንዶች ቆመው ሊቀሩ የሚችሉ ዛፎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ብልጫ የሚጸናው ባንድሶው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ብቻ ነው። ስለቱ ሲደነዝዝ ወይም አልጋው ሲጣመም መጋዙ በእንጨቱ ውስጥ ይዋኛል፤ ጣውላው አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ቀጭን ሆኖ ይወጣል። አናጢው ያንን ለማስተካከል ሲላግ መጋዙ ያዳነውን መላጊያው ይበላዋል። ከዚህ በታች የሚነሡት ጭማሪዎች አብዛኞቹ ይህን ብልጫ ለመጠበቅ የሚደረጉ ናቸው።

ባንድሶ ለሌለውና በሰንሰለት መጋዝ ብቻ ለሚሠራው ሰንጣቂም ከሊማ በቀር ወጪ የማይጠይቅ ማሻሻያ አለ። ለአግድም መቁረጫ የተሠራ ሰንሰለት ጥርሱ በ30 ዲግሪ ገደማ የተሞረደ ነው። ግንድን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ግን ጥርሱ ወደ 10 ዲግሪ ቢሞረድ የጣውላው ገጽ ይለሰልሳል፤ መጋዙም ወደ ጎን መንሸራተቱን ይቀንሳል። በዚህ ላይ ለመጀመሪያው መስመር መሪ የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም አንጎላሬ በግንዱ ላይ ከታሰረ፣ በእጅ ግምት የሚባክነው ብዙ እንጨት ይድናል።

ግንድን በገመድ ማውጣት

ከሥራው ሁሉ ጀርባ የሚሰብረው መሰንጠቁ ሳይሆን ግንዱን ከአልጋው ላይ ማውጣቱ ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ወርድና 3 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ ከግማሽ ሜትር ኩብ ይበልጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ በአንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ይህ ግንድ 600 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህን በትከሻ ለማንሣት ደርዘን ሰው ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም አንዱ እግሩ ቢከዳው ሌሎቹ ሊያድኑት አይችሉም።

ለዚህ የሚሆነው ጭማሪ ሁለት ጠንካራ አጠናና ሁለት ገመድ ነው። የመሰንጠቂያው አልጋ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን፣ 2.40 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት አጠናዎች ከመሬት ወደ አልጋው ተጋድመው ይታሰራሉ። የሁለቱም ገመድ አንድ አንድ ጫፍ ከአልጋው ጋር ይታሰራል። ገመዱ በግንዱ ሥር አልፎ፣ በላዩ ተጠምዝዞ፣ ወደ አልጋው ማዶ ይመለሳል፤ ሰዎቹም ከዚያ ቆመው ይስባሉ። ዳገቱ ከክብደቱ ሩቡን ብቻ፣ ማለትም 150 ኪሎ ያህል እንዲሳብ ያደርጋል። ገመዱ ስለ ታጠፈ ደግሞ ግንዱ ራሱ እንደ ፑሌጃ ይሆንና ይህንኑ በግማሽ ይቀንሰዋል። የቅርፊቱ መፋተግ ሲጨመርበት 75 ኪሎው ከፍ ቢልም፣ አራት ሰዎች ሳይጣደፉ የሚያወጡት ሥራ ነው።

በዚህ ብልሃት ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች መጨመር አለባቸው። አንደኛ፣ ገመዱ ግንዱን ሲስብ አልጋውንም ወደ ግንዱ ስለሚስበው፣ አልጋው አስቀድሞ በችካል ከመሬት ጋር መያያዝ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ከግንዱ በስተ ታች ማንም ሰው መቆም የለበትም፤ ግንዱ በተንከባለለ ቁጥር ከኋላው ሽብልቅ የሚያስገባውም ሰው ከጎን ሆኖ በረጅም ዘንግ ይገፋዋል እንጂ በእጁ አያኖረውም። ሦስተኛ፣ ግንዱ በኀይል መጥቶ ማዶውን እንዳይወድቅ በአልጋው ጠርዝ ሁለት ብርቱ መከለያዎች መቆም አለባቸው። ገመዱ ጉልበት አዳነ፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ አካል ያድናሉ።

ግንዱ ከወጣ በኋላ ማዞሪያ ያስፈልገዋል። የግንድ ማዞሪያ መንጠቆ በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል፤ ነገር ግን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠና የወይራ እጀታ የገባለት መንጠቆ ከእርሱ አያንስም። ግንዱን በአልጋው ላይ የሚይዙት ጥርሶችም እንዲሁ ከባሌስትራ ይሠራሉ። እዚህ ላይ ቀጥቃጩ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የብረቱ መጠን ያለፈ መክረር ነው። ባሌስትራ ግሎ በውሃ ውስጥ በድንገት ከተነከረ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ሊሆን ስለሚችል፣ በዘይት ነክሮ ከዚያ በኋላ በመጠኑ እንደገና ማሞቅ ይበጃል። ሥራውን የሚያውቅ ቀጥቃጭ ይህን ከቀለሙ ያነብበዋል።

ደረጃና ልክ

የአካባቢው ዝናብ መሬቱን ያለሰልሳል። ማታ ቀጥ ብሎ የተተከለ አልጋ ጠዋት በአንድ ወገን ሰምጦ ይገኛል። ስለዚህ በየእግሩ ሥር ሰፊ የላሜራ ጫማ የተበየደበት ወፍራም ቡሎን ቢገባለት፣ ዳዶውን በማዞር ብቻ ደረጃው ይስተካከላል። ደረጃውን ለመለካትም ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የተሞላ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ ቱቦው ከአልጋው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ተዘርግቶ የሁለቱ ጫፎች ውሃ እኩል መሆኑ ይታያል። ይህ በየጠዋቱ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ቀኑን ሙሉ ጣውላው እንዳይጣመም ይጠብቃል።

ሌላው ጉዳይ የግንዱ መቅጠን ነው። ግንድ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ነው። እንዲሁ በአልጋው ላይ ከተጋደመ መጋዙ ከእንጨቱ ልብ ጋር ጎን ለጎን ስለማይሄድ የተወላገደ ጣውላ ይወጣል። ቀጭኑ ጫፍ በትንሽ የመኪና ክሪክ ከፍ ተደርጎ የሁለቱ ጫፎች ልብ ከአልጋው እኩል ሲርቅ ግን መጋዙ ልቡን ተከትሎ ይሄዳል። ከአሮጌ መኪና የተገኘ ክሪክ በአልጋው ላይ በቡሎን ቢታሰር ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይልቅ ብዙ እንጨት የሚያድን ጭማሪ ይሆናል።

ስለ ልክም እንዲሁ ነው። ልምድ የሌለው ሰንጣቂ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲፈልግ መጋዙን 25 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጋል፤ መጋዙ የሚበላውን ስለሚረሳ ጣውላው ሳስቶ ይወጣል። የሚወርደው 27.5 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ለዚህ በጣም ምቹ የሆነ አጋጣሚ አለ። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መደበኛ ቡሎን በአንድ ዙር የሚጓዘው 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ መጋዙን የሚያወጣውና የሚያወርደው ጥርሳም ብረት ከዚህ ዐይነት ከሆነ፣ 11 ዙር ልክ 27.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ አሥሩ ዙር ለጣውላው፣ አንዱ ዙር ለመጋዙ። በሁለቱ ወገን ያሉት ብረቶች እኩል እንዲዞሩ ደግሞ የብስክሌት ሰንሰለትና ሁለት እኩል ጥርስ ያላቸው የብስክሌት መዘውሮች ያያይዟቸዋል። ይህን ማድረግ ለማይችልም በየ27.5 ሚሊ ሜትሩ የተፈረፈረ የወይራ መለኪያ ከመጋዙ ጎን ቢቆም ይበቃዋል።

ውሃ፣ ስለትና ምስማር

ባንድሶ ሲግል ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይዋኛል። ስለዚህ በሚሠራበት ጊዜ ጥቂት ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ጠብ ጠብ ሊልለት ይገባል። የፋብሪካው የውሃ ዕቃ በተሰበረ ጊዜ ቢጫ ጀሪካን፣ ትንሽ ቧንቧና ቀጭን ቱቦ ይተኩታል። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። ውሃው ሲበዛ ሰጋቱራው ጭቃ ሆኖ በመዘውሩ ላይ ይጣበቃል፤ መጋዙንም ከመንገዱ ያስወጣዋል። መጋዙ በቆመ ቁጥርም ቧንቧው መዘጋት አለበት። ከመዘውሩ አጠገብ የተቆረጠ ካላማዳሪ እንደ ምላስ ቢንጠለጠል ሰጋቱራውን ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ከሠራተኛው ፊትም ያርቀዋል።

ከጭማሪዎች ሁሉ የሚቀድመው ግን የመሳያው ነው። ባንድሶ በጥሩ እንጨት ላይ አንድና ሁለት ሰዓት ከሠራ በኋላ መሳል ይፈልጋል። አፈር በነካው ግንድ ላይ ደግሞ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደነዝዛል። መሳያ የሌለው ሰንጣቂ በደነዘዘ ስለት እየገፋ ይሠራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ነዳጁ ያልቃል፤ ጣውላው ይጣመማል፤ በመጨረሻም መጋዙ ይበጠሳል። ከአንጎላሬ የተሠራ፣ ባንድሶውን ጨብጦ ሊማውን ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን የሚመራ መያዣ ማንኛውም በያጅ የሚሠራው ነገር ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ጭማሪ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ያ ገንዘብ ለመሳያው ይዋል። በዚህ ላይ ማታ ማታ የመጋዙን ውጥረት ማላላት ምንም ወጪ የማይጠይቅና የመጋዙን ዕድሜ የሚያረዝም ልማድ ነው።

ስለትን የሚጠብቀው ሌላው ነገር ንጽሕና ነው። ተጎትቶ የመጣ ግንድ በቅርፊቱ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ይዟል። መጋዙ በሚገባበት መስመር ቅርፊቱን በምሳር ማንሣት ወይም በሽቦ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። በቤት አጠገብ ያደገ ዛፍ ደግሞ የአጥር ምስማር፣ የቀፎ ማንጠልጠያ ሽቦ፣ የከብት ሰንሰለት ውጦ ሊሆን ይችላል። ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር ተንጠልጥሎ በግንዱ ላይ ቢዘዋወር ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ብረት ያሳያል፤ ጠለቅ ብሎ የገባውን ግን አያገኘውም። ለእርሱ የሰው ዐይን ይሻላል፤ ብረት ያለበት እንጨት ብዙውን ጊዜ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ያሳያልና። ከሁሉም የሚበልጠው የዛፉን ባለቤት ወይም በዕድሜ የገፉትን እናቱን «እማማ፣ በዚህ ዛፍ ላይ ምስማር ተመቶበት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የማይቀነሰውና የማይጨመረው

እስከዚህ የተነገረው ስለሚጨመረው ነው። ከመሣሪያው ላይ ሊቀነስ የማይገባው ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል።

መዘውሩን የሚሸፍነው ላሜራ ለመክፈትና ለመዝጋት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ሥራ የበዛበት ሰንጣቂ ነቅሎ ወዲያ ሊጥለው ይፈተናል። ባንድሶ በሰከንድ 25 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የተበጠሰ መጋዝ ሽፋኑ ካልያዘው የሚይዘው የሰው አካል ነው። ሽፋኑ ከጠፋ ከበርሜል ላሜራ ሌላ ይሠራ፤ በማጠፊያና በክንፋም ዳዶ እንዲከፈት ተደርጎ ቢሠራም የመንቀሉ ፈተና ይቀራል። በርሜሉ ግን የነዳጅ ከነበረ ታጥቦ፣ በውሃ ተሞልቶ ካልሆነ በቀር በእሳት መቆረጥ የለበትም፤ ባዶ የሚመስለው በርሜል በውስጡ የቀረው ጋዝ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ያደርገዋልና።

እጅ ሲለቀው ሞተሩን የሚያበርደው መያዣ በሽቦ ታስሮ ሲገኝም ያው ነው። የታሰረው ሽቦ የእጅን ድካም ያድናል፤ እጁን ራሱን ግን አሳልፎ ይሰጣል። ጋቢና ነጠላ ለብሶ በመዘውር አጠገብ መቆምም፣ ሕፃናት ሰጋቱራ ሊወስዱ መጋዙ በሚሠራበት ጊዜ እንዲጠጉ መፍቀድም ከዚሁ ይቆጠራል።

ትልቅ ሞተር መጨመርን በተመለከተ በዚህ ከፍታ የሚያታልል ነገር አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በመሆኑም 10 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በጂንካ ከፍታ የሚሰጠው ወደ 8.5 የተጠጋውን ነው። ሰንጣቂው ይህን ድካም ሲያይ ሞተሩን በትልቅ ሊለውጥ ይነሣሣል። ነገር ግን መዘውሩና ኩሽኔታው የተሠሩት ለፋብሪካው ፍጥነት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያው ይጽዳ፤ ካርቡራተሩ ለከፍታው ይስተካከል፤ ቺንጋው ይወጠር፤ ስለቱ ይሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ደካማ እንዳልነበረ ይታወቃል።

ባለ እጁ

እስከ አሁን የተጠቀሱትን የዕቃ ስሞች ያስተዋለ ሰው አንድ ነገር ሳያየው አይቀርም። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ፣ ፑሌጃ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ሊማ፣ ሌላው ቀርቶ ጣውላና ሰጋቱራ እንኳ ከኢጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ኢትዮጵያዊው መካኒክ የባዕድ መሣሪያ ሲመጣበት ስሙን ጭምር ወስዶ የራሱ አድርጎታል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ምድጃ፣ ማጭድና ማጠፊያ ሆኖ ሲወጣ የሚታየውም ይኸው ችሎታ ነው። ስለዚህ «በገጠር ይህን ማን ይሠራዋል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም።

በአሪ ምድር ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የመጣ ሙያ አላቸው። የገበሬውን መቆፈሪያ፣ ቢላዋና ማጭድ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ባለ እጆች ሁሉ እነርሱም ለረጅም ዘመን ተንቀው ኖረዋል፤ ከገበሬው ጋር አልተጋቡም፤ መሬትም እንደ ሌላው አልደረሳቸውም። ንቀቱ እንግዳ ዘር ናቸው በሚል ወሬም ሲደገፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጮችና የአሪ ገበሬዎች የቅርብ ጊዜ የጋራ አባቶች ያላቸው መሆኑን፣ በመካከላቸው የታየው ልዩነትም ቀጥቃጮቹ ተለይተው እርስ በርስ ብቻ እንዲጋቡ በመደረጋቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ከአንድ ግንድ የወጡ ጣውላዎች ናቸው ማለት ነው።

የባለ እጅን ክብር የሚመለከተው ጉዳይ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት የሚሰድበውን ሁሉ ገሥጸዋል። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስድቡ ከየመንደሩ ጨርሶ አልጠፋም። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ በአንድ መንደር ሲተከል ታዲያ ከቀጥቃጩ ቤት ባሌስትራ ይዞ የሚሄድ ሰው ይኖራል። ያ ሰው ቀጥቃጩን እንደ ሎሌ ሊያዝዘው ይችላል፤ ወይም «ጋሼ፣ ይህ ጥርስ ግንዱን አልያዘም፤ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያደርጉታል?» ብሎ ሊጠይቀው ይችላል። የተጠየቀው ቀጥቃጭ ግንዱንና አልጋውን መጥቶ ያያል፤ የሚሠራውም የታዘዘውን ብቻ ሳይሆን የሚያስፈልገውን ይሆናል። በመጀመሪያው መንገድ የሚገኘው አንድ ቁራጭ ብረት ነው፤ በሁለተኛው ግን መሣሪያውን በዘላቂነት የሚጠግን ባለ ሙያ ይገኛል።

መጋዙና ደኑ

መሰንጠቂያ የሚፈጥን ከሆነ ደንን የሚጨርስበት ጊዜም ይፈጥናል የሚል ሥጋት ይነሣል። ሥጋቱ ትክክል ነው። መሣሪያው በ9 ግንድ የ11ን ያህል ጣውላ አወጣ ማለት ሁለቱ ዛፎች በእርግጥ ይተርፋሉ ማለት አይደለም፤ እነርሱንም ለመሰንጠቅ ጊዜ ይተርፋል ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ ማናቸውም የብረት ጭማሪ መፍትሔ አይሆንም፤ የሚጨመረው ሕግና ልማድ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን በስም ጠቅሶ የሚጠበቁ ዛፎች አድርጓቸው ነበር። ከእርሱ በኋላ ዐዋጅ ቁጥር 542/1999 ተተካ፤ እርሱም በዐዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተሽሯል። ይህ የመጨረሻው ዐዋጅ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ የባለቤትነትን ዐይነት ለይቷል። እንግዲህ ሰንጣቂው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዛፉ የማን እንደሆነና ፈቃዱ የት እንዳለ መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህም ጋር ትኩረቱ በገበሬው በራሱ በተተከሉት በባሕር ዛፍና በግራቪሊያ ላይ ቢሆን፣ በአውሎ ነፋስ የወደቀውና ለማገዶ ብቻ ይውል የነበረው ግንድም ጣውላ እንዲሆን ቢደረግ፣ መሣሪያው ለደኑ ጠላት ሳይሆን ረዳት ይሆናል።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

በየአገሩ መሰንጠቂያ የሚይዙ ሰዎች ያገኙትን ብልሃት እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ አንዱ የፈጠረውን ሌላው ያሻሽለዋል። በኢትዮጵያ ግን ብዙ ብልሃት ከፈጠረው ባለ እጅ ጋር ያረጃል፤ ከእርሱም ጋር ይቀበራል። በጂንካ አንድ በያጅ ያገኘው መፍትሔ በሳውላ ወይም በካራት ያለው በያጅ ሳይሰማው፣ ያ ደግሞ በራሱ ጣት ዋጋ እንደገና ሊፈልገው ይገደዳል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አባላት ሁለት ሐሳብ ይቀርባል። አንደኛው፣ በሥራ ምክንያት ወደ ገጠር የሚሄድ አባል በመሣሪያ ላይ የተደረገ ጭማሪ ሲያይ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ንድፉን፣ ልኩን፣ ከምን እንደተሠራና የሠራው ባለ እጅ ከፈቀደ ስሙን መዝግቦ ያምጣ፤ ወረቀቱም ተባዝቶ በጂንካ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅና በመሰሎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ጭማሪ ይመዘን፤ ከመጨመሩ በፊትና ከተጨመረ በኋላ ከአንድ ዐይነት ግንድ ስንት ጣውላ እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንደፈለገ ይቈጠር። ይህ ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ እርሳስና ትዕግሥት ይበቁታል።

ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባላል። በዛፉ ባለቤት ዘንድ ጥያቄው እስከ አሁን አንድ ነበር፤ «ስንት ይወጣዋል?» የሙያ ሰዎች ደግሞ ከዚህ ጥያቄ አጠገብ ሌላ አንድ ሊያኖሩበት ይገባል። ማታ መጋዙ ሲላላና ሞተሩ ሲበርድ፣ ጠዋት ወደ ሥራው የመጡት ሰዎች ሁሉ በሙሉ አካላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ ወይ? ለሁለቱም ጥያቄ በጎ መልስ የሚያስገኝ ጭማሪ፣ ከየትኛውም የተጣለ ብረት ቢሠራ፣ በፋብሪካ ከተሠራው አያንስም።